ዘመድ እየገደሉ ማርክ የሚያክሙት ኡስታዝ

ሐበሻ በሚኖርበት ሕንፃ ሁሉ፣ አገሩ የትም ይሁን፣ የሰው ልጅ ማርክ ካላከምኩ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሊፍቱ ይበላሻል፣ ውሃው ይቋረጣል፤ እሱ ግን አለ። ጂዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር ውስጥ፣ ሳሚያ ከአክስቷ ከሸምሲያ ጋር ለምትኖርበት ባለ አራት ፎቅ የደረሱት ክቡር ኡስታዝ አብዱረሺድ ነበሩ። የእንጀራ ሥራቸው ሙከይፍ፣ የቤት ማቀዝቀዣ፣ መጠገን ነው። ኡስታዝነቱን የሾማቸው የለም፤ ራሳቸው ናቸው።

ልዩ ሙያቸው ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ነው። "ዘጠነኛ ላይ የወደቀ ልጅ፣" ይላሉ ጺማቸውን እየዳበሱ፣ "ሰንፎ አይደለም። ሐዘን ላይ ነበር።" ኮሌጆች ውጤት የሚጠይቁት ከዘጠነኛ ጀምሮ ስለሆነ፣ ማርኩ ለምን እንደወረደ የሚያስረዳ ደብዳቤ ይጽፋሉ። በየደብዳቤው አንድ ዘመድ ይሞታል። የጎረቤቱን ልጅ የፈሪድን አጎት በልብ ድካም ገደሉት። ከዚያ የአሚራን ወንድም ባሕር ውስጥ አሰጠሙት። የፈሪድ አጎት ደብዳቤው ሲነበብ እዚያው ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣ ነበር። "ኧረ ኡስታዝ፣ ትንሽ ቀለል ያለ በሽታ ይፈልጉልኝ" ቢላቸው፣ "ኻላስ፣ ታትሟል" አሉት።

በእኛ 2006፣ በፈረንጅ 2013፣ ጥቅምት ሲያበቃ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሁሉ ይታፈስ ጀመር። የፈሪድ አጎት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ቀረ። በሦስተኛው ቀን የአሚራ ወንድም ቀረ። ሕንፃው በጠራራ ፀሐይ ጸጥ አለ። በተቆለፉ በሮች ውስጥ ስልክ ይጮኻል፤ የሚያነሳው የለም፤ ባትሪው እያለቀ አንድ በአንድ ዝም ይላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰው በሌለበት ክፍል፣ ሙከይፉ ሳይጠፋ ቀርቶ ያጉረመርማል። ከበሩ ሥር የሚወጣው ብርድ የሚያልፈውን ሰው ቁርጭምጭሚት ይነካል።

መጀመሪያ የገባት ሳሚያ ናት። ሰዎቹ የሚጠፉት በደብዳቤ በሞቱበት ተራ ነው።

ቀጣዩ ደብዳቤ ደግሞ የእሷ ነበር። ዘጠነኛ ላይ አማካይዋ 47 ነው፤ አሥረኛ 71፣ አሥራ አንደኛ 83፣ አሥራ ሁለተኛ 88። አዲስ አበባ ያለው ኮሌጅ ምዝገባ የሚዘጋው ኅዳር 26፣ ሐሙስ ነው፤ የሚቀበለውም ኦሪጅናል ትራንስክሪፕት ብቻ። እሱን በእጅ የሚያደርስ፣ ወደ አገር የሚሄድ ሰው እየፈለጉ ነበር። ኡስታዝ በጻፉት ደብዳቤ ላይ አክስቷ ሸምሲያ፣ ኢቃማዋ ካለፈ ዓመት የሞላት ሸምሲያ፣ በረመዳን በጉበት በሽታ ሞታለች።

"ኡስታዝ፣ አክስቴን ያስነሡልኝ" አለቻቸው።

"ሞቷ እኮ ነው ደብዳቤውን ያቆመው፣ ልጄ።"

"የፈሪድ አጎትም አቁሞት ነበር።"

ኡስታዝ ብዕራቸውን አስቀመጡ። እሳቸውም ተራውን ቆጥረውት ኖሯል።

ሸምሲያ ከምትልጠው ድንች ቀና ሳትል፣ "መሞቴን ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ ምሳ ባልሠራሁ" አለች።

ሳሚያ ወረቀቱን ቀድዳ ራሷ ጻፈች። "ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ማንም አልሞተብኝም። አላጠናሁም። አባቴ መካ፣ ነካሳ ሰፈር ውስጥ፣ ካርዴን አይቶ ምንም ሳይናገረኝ ወጣ። በማግስቱ ማጥናት ጀመርኩ።"

ኡስታዝ ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ደረቅ ነው" አሉ። "ግን ማንንም አይጎዳም።" ከትራንስክሪፕቱ ጋር አጣጠፉት።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤት እንዲያ አያንኳኳም። ኡስታዝ ወረቀቶቹን ደረት ኪሳቸው ከተቱና አክስትና ልጅን በጣታቸው ወደ ጓዳ አመላከቷቸው። ከፈቱ። ውስጥ ማን አለ ተብለው በዐረብኛ ሲጠየቁ ተሰማ።

"ማፊ አሐድ" አሉ። ማንም የለም።

ድምፃቸው እርግጠኛ ከመሆኑ የተነሣ፣ ጨለማው ጓዳ ውስጥ ሳሚያ ለአፍታ እውነት መሰላት። በአንድ እጇ ሌላውን ዳበሰች።

ከዚያ እርምጃው፣ ኢቃማ የሌላቸውን ኡስታዝን ይዞ፣ ደረጃውን ወረደ። ትራንስክሪፕቱም ደረት ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ አብሮ ወረደ።

ዐሥር ቀን ስልካቸው ዝግ ነበር። ሳሚያ ኮሌጁን ትታዋለች፤ ዝም ብላ ቁጥሩን ትደውላለች። ሐሙስ ቀትር ላይ ከኢትዮጵያ ቁጥር ተደወለላት።

"ሸምሲያ አለች?"

"አለች፣ ኡስታዝ። እርስዎስ የት ነዎት?"

"ኮሌጁ፣ ሬጅስትራሩ በር ላይ። በአውሮፕላን አምጥተው ጣሉን። ጸሐፊዋ ነጠላ ጫማዬን አየችና ነገ ይምጡ አለችኝ። ነገማ ምዝገባው ዝግ ነው አልኳት።"

"ሬጅስትራሩ ራሱስ?"

"ምሳ ወጥቷል። ይመጣል፤ የት ይሄዳል? ስለ ዘጠነኛ ክፍል ረጋ ብዬ የማስረዳው ነገር አለኝ።"

ሳሚያ ያን የማታውቀውን ሬጅስትራር አሰበችው፤ ጠግቦ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ ምን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ ደረጃውን ሲወጣ። ከልቧ አዘነችለት።