የጌም ቤታችንን ትዝታ ስሰበስብ ቅናቴን ለቀቅኩት

ወገኖቼ፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ «አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ» ትሉኛላችሁ።

አላበዛሁም! ድምፁ አለ። ስድስት ሰው ሰምቶታል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መቱ ውስጥ አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ጌም አሳታሚ እንደነበረ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? አልፈርድባችሁም። ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ በላይ፣ ሁለት ክፍል፣ ሰባት ሰው። ወጣቶች የሠሩትን ጌም ተቀብለን፣ አስተካክለን፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ሲዲ ላይ እያባዛን እስከ ጎሬና ቡሬ ሱቆች እናደርስ ነበር።

የእኔ ሥራ? ቴስተር! ቀኑን ሙሉ ጌም እየተጫወትኩ የት ጋ እንደሚበላሽ መፈለግ። እናቴ ሥራ እንደነበር እስከ ዛሬ አታምንም።

ከዚያ ሰው ሁሉ በስልኩ በነፃ ማውረድ ጀመረ። ሲዲ የሚገዛ ጠፋ። ተዘጋን። ኮምፒውተሮቹ ተሸጡ፤ ሲዲዎቹን ዛሬ የሚከፍት ማሽን እንኳ የለም። የቀረው እኛ የምናወራው ብቻ ነው።

ስለዚህ ተነሳሁ! «የሁላችንንም ትዝታ በድምፅ ቀድቼ አስቀምጣለሁ» ብዬ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ።

ችግሩ ለሊሴ ናት።

ለሊሴ ሥዕል የምትሠራልን ልጅ ነበረች። ጌማችን ውስጥ ከዛፍ ዛፍ የሚዘለውን፣ ነጭ ጭራውን የሚያወዛውዘውን ጉሬዛ ታስታውሱት ይሆናል። የሳለችው እሷ ናት።

ሽያጭ ላይ የነበረውን ልጅ ቡሬ ድረስ ሄጄ ቀዳሁት። «ሰው ሱቅ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው ለሊሴ የሳለችው ሽፋን ላይ ነበር» አለኝ። ፕሮግራመራችንን ቀዳሁ። «ለሊሴ ስትስቅ ኮዱ ራሱ ይሠራል» አለ።

ኮዱ የሚሠራው እኔ ስህተቱን ስለምነግርህ ነው ወንድሜ!

ዋጥ አደረግኩት።

ዛሬ ጠዋት በሚኒባስ ጎሬ ወጣሁ፤ የቀድሞ አለቃችን ጋሼ ደሬሳ ጋ። አሁን ቡና ይነግዳሉ። የስልኬን መቅጃ ከፍቼ ፊታቸው አስቀመጥኩና ፀጉሬን እያስተካከልኩ «ጋሼ፣ ከሠራተኞችዎ ማንን አይረሱም?» አልኳቸው።

ለድምፅ ቅጂ ፀጉር ምን ያደርጋል? እኔ እንጃ!

«ለሊሴን» አሉ።

ቀጠሉ። «ልንዘጋ የወሰንን ሳምንት ሁላችሁም ሌላ ሥራ ስትፈልጉ፣ እሷ የጀመረችውን የልጆች ጌም ቁጭ ብላ ጨረሰች። ማንም እንደማያሳትመው እያወቀች! አፈርኩ። አንድ ቃል ሳልነግራት ተለያየን።»

ድምፃቸው ሰለለ። ደህና ሰው ቢሆን አብሯቸው ያለቅስ ነበር። እኔ ግን «ውሃ ጠጥቼ ልምጣ» ብዬ ስልኬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ።

መቅጃውን አላጠፋሁትም ነበር።

«ለሊሴ! ለሊሴ! ጎሬን ተራራ ላይ ያስቀመጠቻትም ለሊሴ ትሆናለቻ! ቆይ ብቻ፣ ሁሉንም ነው የምቆርጠው!»

ደግሞም ቆረጥኩት! መመለሻው ሚኒባስ ውስጥ የለሊሴን ወሬ በሙሉ አወጣሁ። የተረፈው ሰላምታና የሚያፈሰው ጣሪያችን ነበር። ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት። ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ።

መቱ መናኸሪያ ስደርስ ስልኬ ተንጫጫ።

የላክሁት ያልተቆረጠውን ነው። ከነበረንዳው ጩኸቴ!!

ጋሼ ደሬሳ ጽፈዋል፦ «ልጄ፣ ውሃው ደህና ነበር?»

ለሊሴ ደግሞ እዚያው ግሩፑ ላይ ድምፅ ልካለች። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ከፈትኩት።

«ዘሀራ ኮ፣ የኔ ዘሀራ፣ ልትቆርጪው እንደነበር ሰምቻለሁ። እንኳን አልቆረጥሽው። እኔ እኮ ጋሼ ተቀይመውኝ የተለያየን ነበር የሚመስለኝ። ያን ሳምንት ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሳያቸው ተሻግሬ ነው የማልፈው። አሁን ደወልኩላቸው። ሁለታችንም አለቀስን። ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። እሷ አልጨረሰችም።

«ደግሞ እናንተ ሰዎች፣ ዘሀራን ለምንድን ነው የማታነሷት? ጉሬዛው መጀመሪያ ሲወድቅ ዝም ብሎ ይጠፋ ነበር። ‹ልጆች ያለቅሳሉ፤ ይነሳና አቧራውን ያራግፍ› ያለችው እሷ ናት። ልጆቼ ዛሬም ሲወድቁ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት።»

እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

የባጃጁ ሹፌር በመስታወት አየኝ። «እህቴ፣ ደህና ነሽ?»

ደህና አይደለሁም!

ይቅርታ ጻፍኩላት። ከልቤ። ሦስቴ አጥፍቼ፣ ሦስቴ ጽፌ።

ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ልናዘዝ? የለሊሴ ድምፅ ሥር ያሉትን ቀይ ልቦች አየሁ። ጋሼ ደሬሳ ሳይቀሩ ሁሉም ልብ አድርገውላታል። ግሩፑን የከፈትኩት እኔ፣ አንድ ልብ አግኝቼ አላውቅም!

እኔን አመስግናም ልቡን የሰበሰበችው እሷ!

እስቲ በእናታችሁ፣ ሰው ሲያመሰግነው በአመስጋኙ የሚቀና ፍጡር አይታችሁ ታውቃላችሁ?