አራት ሳህን ፓስታ

ሰው በምን በምን ይጣላል ትላላችሁ? በድንበር? በውርስ? በጎረቤት ዶሮ? ይህን ሁሉ እናውቃለን። እኔ ግን ሰው በሳህን ብዛት ሊጣላ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

ቡታጅራ ገበያ ዳር ያለውን የሙሴ ፔፔን ምግብ ቤት የማያውቅ የለም። ጣሊያን ሲወጣ እሱ ቀረ፤ ምድጃውን ተክሎ፣ አማርኛውን ለምዶ፣ ጉራጌኛም ጣል እያደረገበት ይኸው አረጀ። ሃያ ዓመት ሙሉ በደጁ ባለፍኩ ቁጥር የስጎው ሽታ ነጠላዬን ይጎትተኛል። አልገባሁም። «ሴትየዋ ብቻዋን ሆቴል ገባች» ከምባል በስጎው ሽታ ብጠግብ ይሻለኛል ብዬ።

አምላክ ግን የልቤን አየ! ያሳደግኋትን የወንድሜን ልጅ አስካለን አንድ አስተማሪ ወደዳት። ልጁ ዘመናዊ ነውና «ሽማግሌ ሳይላክ በፊት እርስዎና አባቴ ሙሴ ፔፔ ቤት ምሳ እየበላችሁ ተዋወቁ» አለኝ። እንዴት ያለ ብሩክ ልጅ! የጥምቀት ቀሚሴን ለበስኩ። ቁርስም አልበላሁ። እናንተስ ብትሆኑ ትበሉ ነበር?

አባቱ ጋሽ ወልዴ ከጥያ መጡ፤ ከዚያ ከቆሙት ድንጋዮች አንዱ ተነቅሎ የመጣ ነው የሚመስሉት፣ ዝም፣ ቀጥ! ምሳው ቀረበ። ለእኛና ለሁለቱ ልጆች፣ ለአራት ሰው አራት ሳህን ፓስታ፤ የእሳቸው ለብቻ፣ የእኔ ለብቻ። ጋሽ ወልዴ ሳህናቸውን አዩ፣ ሳህኔን አዩ፣ ሹካውን መልሰው አስቀመጡ።

«እመት፣ ምነው? እኛ ዘንድ ማዕድ የሚለየው ደም የተቃባ ሰው ነው። ካልፈለጉን በአፍዎ ይንገሩን እንጂ!»

«አባዬ፣ የቤቱ ደንብ እኮ ነው» አለ አስተማሪው።

«የማን ቤት?» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። አስካለ ዓይኗ እንባ ሞላ። የልጄ ትዳር በፓስታ ሊቀር!

ለእኔ ደግሞ ዝምታ አልተፈጠረልኝም። «ሙሴ ፔፔ! ትልቁን ትሪ አምጣ!» ብዬ ስጮህ የበላተኛው ሁሉ ሹካ አየር ላይ ቀረ። ትሪው መጣ። አራቱንም ሳህን ገለበጥኩበት፤ ሙሴ ፔፔ ራሱን ያዘ። እጄን ታጥቤ፣ ጠቅልዬ፣ ለጋሽ ወልዴ እንደቆሙ አጎረስኳቸው። ፓስታ መቼም እንደ እንጀራ አይቆረስ! አንዱ ጫፍ አፋቸው ውስጥ፣ ሌላው ጢማቸው ላይ፣ የቀረው ክንዴ ላይ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ይድገሙ እንጂ ጋሼ!»

ያ ድንጋይ ሳቀ። ሳቀና ተቀመጠ፤ እኔንም አጎረሰኝ። ወይ ጣዕም! ለካ ሃያ ዓመት የቀማመስኩት ጭሱን ብቻ ኖሯል! ሙሴ ፔፔም ቆሞ ሲያየን አሳዘነንና ጎትተን አጎረስነው።

«ታዲያ ሽማግሌው መቼ ይምጣ?» አሉ ጋሽ ወልዴ ጢማቸውን እየጠረጉ።

ልጆቹ ተጋቡ። ባለፈው እሑድ እኔና ጋሽ ወልዴ ቤታቸው ተጠራን። አስካለ ፓስታ ሠርታ ለባሏ አንድ ሳህን፣ ለራሷ አንድ ሳህን አቀረበች። ክው አልኩ።

«ተጣላችሁ እንዴ?»

«ኧረ አክስቴ፣ ሰላም ነን!» ብላ ባሏን እያየች ሳቀች።

ለእኛ ለሽማግሌዎቹ ትሪ አውጥታልናለች። ልጆቹ ይሠልጥኑ፣ አልከለክልም። ብቻ እነሱ ሹካቸውን ሲያዞሩ እኛ ትሪውን ጨርሰን ወደ ሳህናቸው ዞረናል።