ዜና መምህር ኤሊያስ፦ የማይወድቅ መነጽር ፍለጋ ወደ ሆሳዕና ስለ መዝመታቸው

ከሀቢቾ ሆሳዕና የሚመላለሰው ሚኒባስ አዲስ ጎማ በተጫማ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር፣ የካርታ ሊቅ፣ የቀይ እስክሪብቶ ጌታ መምህር ኤሊያስ በጉባኤ ፊት መጽሐፍ ለማንበብ በተሾሙ በአሥራ አንደኛው ዘመን የሆነው ነገር እንዲህ ነው።

በጥምቀት ገንዳ ዳር ቆመው ሲያነቡ፣ ሰፊው አሮጌ መነጽራቸው ከአፍንጫቸው ከድቶ ወደ ውኃው ወረደ፤ ተጠማቂውም ከውኃው ሲወጣ መነጽሩን በእጁ ይዞ ወጣ፤ ሃሌ ሉያ ሊል የተዘጋጀውም ሕዝብ ሳቀ። ስለዚህም ሽማግሌዎች ተቀምጠው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «መምህራችንን እንወዳቸዋለን። ነገር ግን ሕዝቡ ቃሉን ትቶ አፍንጫቸውን መጠበቅ ጀምሯል። መነጽሩ አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ ቢወድቅ፣ ንባቡ ለወንድም ወንዳፈረው ይሁን።» ወንዳፈረውም ያለ መነጽር የሚያነቡ፣ ነገር ግን አራት ነጥብ ሲደርሱ የማይቆሙ ሰው ነበሩ። መምህሩ ይህን ባሰቡ ቁጥር ምሳ አልበላ አላቸው።

ዓይናቸውን አስመርምረው የመነጽር ማዘዣ ወረቀቱን ከያዙ በኋላ፣ በቤታቸው እንዲህ ብለው አስነገሩ፦ «ቅዳሜ ሆሳዕና እሄዳለሁ። ብቻዬን ግን አይሆንም፤ ፍሬም ለመሞከር አሮጌውን መነጽር ማውለቅ ግድ ነው፣ እሱ ሲወልቅ ደግሞ መስታወት ውስጥ ያለው ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቅም። የሚያይልኝ ይከተለኝ።»

ተከተሏቸውም። በቀኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች፣ የሸማ መራጭ፣ የነጋዴ ሁሉ ፈተና፤ በግራ የወይዘሮ አስናቀች ወንድም ተረፈ፣ የእህል ነጋዴ፣ ባርኔጣ በልካቸው ተፈልጎ የታጣላቸው ባለ ታላቅ ራስ፤ በደጀን ልጃቸው ሐዳሳ፣ ስልኳን እንደ ጋሻ የያዘች። አቧራውን አልፈው፣ በባጃጅ ተጨናንቀው፣ ከመነኻሪያው ፊት ለፊት ካለው ከወይዘሮ ሱምያ የመነጽር ሱቅ ደርሰው ሰፈሩ።

ምርጫውም ተጀመረ። ወይዘሮ አስናቀች ክብ ወርቅማ ፍሬም አንሥተው «የልጆቼ አባት በዚህ ፓስተር ይመስላል፤ ይኸው ይሁን» ብለው አዘዙ። ሐዳሳ በስልኳ ያነሣቻቸውን ፎቶ አይታ «አባዬ ፊትህ ክብ ነው፤ ክብ ፍሬም ሲደረግበት የግድግዳ ሰዓት ሆንክ። ማዕዘን ያለው ይምጣ» ስትል የእናቷን አዋጅ ሻረች። በዚያ አገር ደግሞ ዕቃ ለማስገዛት የሄደ ሰው ዕቃውን ራሱ ሳይሞክር ቢመለስ እንደ ወዳጅ አይቆጠርምና፣ ተረፈ ከመምህሩ ፊት የወረደውን ፍሬም ሁሉ እየተቀበሉ አጠለቁ፤ እንዲህም አሉ፦ «ለእኔ ካማረ ለእሱ አያንስም።»

መምህሩ ግን ያለ ማስረጃ የማይፈርዱ ነበሩና ደብተራቸውን ዘረጉ። ሰባተኛውን፣ ጥቁር ባለ ማዕዘኑን አደረጉ። ስፋቱ ከፊታቸው ስፋት አላለፈም፤ ሐዳሳ ዓይናቸው በፍሬሙ መስታወት መካከል መዋሉን መሰከረች፤ ሲስቁም ጉንጫቸው አላነሣውም። መጽሐፍ ላይ እንደሚያጎነብስ ሰው አሥር ጊዜ አጎነበሱ፤ ፍሬሙ ዝንፍ አላለም። ይህን ሲጽፉ ተረፈ ፍሬሙን ወስደው አጠለቁ፣ አምስት ፎቶም ተነሡ። መምህሩ ለማረጋገጥ መልሰው ቢያደርጉት በሦስተኛው ጉንበሳ ጭናቸው ላይ ወደቀ። ስምንተኛው እንዲሁ ሆነ፤ ዘጠነኛውም እንዲሁ። ደብተሩም ላይ በታላቅ ኀዘን «ፀሐይ ሲበረታ አፍንጫዬ ያዳልጣል» ብለው ጻፉ፤ ንባቡን በገዛ እጃቸው ለወንዳፈረው የሚያስረክቡበትን ደብዳቤ በልባቸው ማርቀቅ ጀመሩ።

በዚህ ጊዜ ሁሉን ሲመለከቱ የቆዩት ወይዘሮ ሱምያ ከበርጩማቸው ተነሥተው አወጁ፦ «መምህር፣ አፍንጫዎ ምንም አልሆነም። ጋሼ ተረፈ ያጠለቁት ፍሬም ሁሉ ክንዱን በልቅጦ ነው የሚመለሰው። ከአሁን ጀምሮ በዚህ ቤት ፍሬም የሚያደርገው መነጽር የታዘዘለት ሰው ብቻ ነው። ሌላው በዓይኑ ይይ።»

ተረፈም አንድ ሚሪንዳ ስንቅ ተሰጥቷቸው ወደ ደጅ ተጋዙ፤ ከግዞታቸውም «ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ይህን ራስ የወለደችው እናታችን ናት፤ አስናቀችም ታውቃለች» የሚል መልእክት ላኩ። ወይዘሮ ሱምያ ሰባተኛውን ፍሬም አሙቀው ክንዶቹን ወደ ውስጥ መለሱ፣ ጫፋቸውን ከጆሮ ጀርባ ጎበጥ አደረጉ፣ የአፍንጫ ማረፊያውን ጠበብ አደረጉ። መምህሩ ሃያ ጊዜ አጎነበሱ፤ ሳሉ፤ ሳቁ፤ ፍሬሙ ጸና። ወይዘሮ አስናቀች ራሳቸው ከክቡ ፍሬም ላይ እጃቸውን አነሡ።

መስታወቱ ተገጥሞለት በሳምንቱ እሑድ መምህሩ ቆሙ። የደረሳቸው ክፍል የትውልድ ቆጠራ ነበር፣ ስሙ ሁሉ ጥርስ የሚሰብር። ወንዳፈረው ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከመምህሩ አፍንጫ ላይ አልነቀሉም። መምህሩ አርባ አንድ ጊዜ አጎነበሱ፣ አርባ አንድ ጊዜ ቀና አሉ፤ እጃቸው አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ፊታቸው አልወጣም። በመጨረሻውም አራት ነጥብ ላይ በሚገባ ቆሙ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው የሚመጣውን እሑድ ንባብ ጽፈው ሰጧቸው።

መምህሩም ከደጁ ቆመው ፊታቸውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያዞሩ ሕዝቡን አሰናበቱ። ስለ ንባቡ ያላመሰገነ አልነበረም፤ ስለ መነጽሩ ግን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። በመጨረሻ የወጡት እማማ ገነቴ ብቻ ቆም ብለው አዩአቸውና «መምህር፣ ሰሞኑን ደህና ዕረፍት አግኝተዋል መሰለኝ፤ ፊትዎ ጥሩ ነው» ብለው አለፉ።

እንግዲህ ክብር ለመምህር ኤሊያስ ይሁን፣ በአሥር ጉንበሳ ሐሰትን ከእውነት ለለዩ፣ የአፍንጫቸውን ስም ከሐሜት ላነጹ፤ መነጽራቸው እጅግ ከመስማማቱ የተነሣ ያየው ሰው አልተገኘምና፣ በዚህም ትንሽ ቅር ተሰኝተው፣ ነገር ግን በሹመታቸው ጸንተው ወደ ቤታቸው ገቡ።