እትዬ አዙሪው እና ጀርባ የሌለው ጠርሙስ

የትም ሂዱ፣ የመዋቢያ ሱቅ መደርደሪያ ፊት ቆማ መተላለፊያውን የዘጋች አንዲት ሴት አታጡም። አንድ ቅባት በእጇ ይዛለች። አትገዛውም፣ አትመልሰውም፤ ታነበዋለች። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሻጩ ወደ ጣሪያው ያያል፣ እሷ ግን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ዕቃውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቀጥላለች። እንዲህ ያለች ሴት የሌለችው ቤተሰብ የለም። ካለም ፊቱን ሽፍታ የወረሰው ቤተሰብ ነው።

ለአንዲት ፀጉር ሠሪ ቤተሰብ የደረሱት እትዬ አዙሪው ናቸው። እትዬ የባሏ ታላቅ እህት ስለሆኑ ከፀጉር ቤቱ የሚያስወጣቸው ኃይል የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያ ሥራ ይዘውት የወጡት ሀብት የዝንብ እግር የሚያህል ጽሑፍ የሚያነብ ዓይን እና አንድ የማይነቃነቅ እምነት ነው፤ ፖስታው በፊቱ የሚያሳየው የተቀባዩን ስም ነው፣ ላኪው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከጀርባው ነው ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እየመጡ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበር ላይ ይሰየማሉ። ደንበኛ ከቦርሳዋ አዲስ ነገር ማውጣት አይጠበቅባትም፣ ለማውጣት ማሰቧ ይበቃል። የክብርት እትዬ እጅ ተዘርግቷል።

«እስቲ አዙሪው፣ የኔ ልጅ።»

በዚህች ቃል የስንቱ ሰው ደስታ እንደፈረሰ ፀጉር ሠሪዋ ታውቃለች። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ አንድ ቀን የማር ሳሙና ገዝታ እየፈነደቀች መጣች። ካርቶኑ ላይ ማር ይንጠባጠባል፣ ንቦች ይበራሉ፣ ቀፎው ወርቅ የተቀባ ይመስላል። እትዬ አዞሩት። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ለቅሶ ቤት በሚነገርበት ድምፅ፣ «የማር ሽታ ይላል» አሉ።

«ማሩስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ማሩ ሥዕሉ ላይ ነው ያለው፣ እህቴ።»

ሌላ ቀን አንዲት አስተማሪ ቡጢ የሚያህል የፊት ክሬም ብልቃጥ ይዛ ገባች። እትዬ ክዳኑን ከፍተው የክብሪት እንጨት ሰደዱበት። እንጨቱ ጥቂት ወርዶ ቀጥ አለ። ብልቃጡ ውስጥ ለውስጥ ሌላ ወለል ነበረው፣ ከወለሉ በታች ደግሞ ምንም። በፀጉር ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ በድንጋጤ ድርቅ አለ። አየር ታሽጎ፣ ሪባን ታስሮለት ይሸጣል ብሎ ማን ያስባል?

«ሌቦች» አለች አስተማሪዋ።

«ሌቦችስ አይደሉም» አሉ እትዬ፣ ብልቃጡን እያዞሩ። «ይኸው መጠኑን ጽፈውታል። ከታች፣ ከዚች መስመር ሥር። እነሱ አልደበቁም፣ እኛ ነን ያላየነው።»

ፀጉር ሠሪዋ እንዲህ ባለው ጊዜ ሁሉ ክው ትላለች። ክው የምትለው ግን በቅባት ሠሪዎቹ አይደለም፣ በእትዬ ነው። ሰው ለመዋብ መጥቶ እንዴት እንዲህ ያለ መርዶ ይረዳል? ፊት ያቀላል የተባለ ቅባት ይዛ የመጣች የባንክ ሠራተኛ ከጀርባው «ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀቡ» የሚል ሲነበብላት፣ ፀጉሯን በግማሹ እንዳሰራች እያለቀሰች ወጥታ ቀርታለች። ይባስ ብሎ እትዬ ወደ ራሷ ወደ ፀጉር ሠሪዋ መደርደሪያ ዞሩ። አንዱ ቅባት ላይ ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ የሚመስል ምልክት አገኙ፣ ምልክቱ ውስጥም ቁጥር።

«ከተከፈተ ከዓመት በኋላ አይሠራም ማለት ነው» አሉ፣ ደንበኛ በተሞላበት። «መቼ ነው የከፈትሽው?»

ፀጉር ሠሪዋ መቼ እንደከፈተችው አታስታውስም። የምታስታውሰው፣ ስትከፍተው ሌላ ቤት ተከራይታ ትሠራ እንደነበር ነው። ደንበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ያን ቀን ከእትዬ ንባብ ለመገላገል ቆረጠች። ሁሉም አንድ መልክ ያላቸው ነጫጭ ጠርሙሶች ገዛች። ሻምፖውን፣ ዘይቱን፣ ፀጉር የሚያለሰልሰውን ትሪትመንት፣ ያላትን ሁሉ ከየዕቃው እየገለበጠች ሞላቻቸው። ፊታቸው ላይ የፀጉር ቤቱን ስም የያዘ ወርቃማ ወረቀት ለጠፈች፣ ጀርባቸውን ራቁቱን ተወችው። የትኛው ምን እንደሆነ በተቀመጠበት ቦታ ታውቀዋለች። መደርደሪያው የትልቅ ሆቴል መሰለ።

በማግስቱ ልጇን ለማስዋብ ስትል በሩን ለደንበኛ ዘጋች። ልጇ ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ቀርባ የአየር ሁኔታ ልትዘግብ ነው። ይህን ቦታ ለማግኘት ስንት ፈተና አልፋለች። ለሙከራ ነው የተቀበሏት፣ ካማረች ትቀጥላለች፣ ካላማረች ተረኛ ሞልቷል። እትዬ ዘመድ ናቸውና የተዘጋ በር አላገዳቸውም። ገቡ፣ መደርደሪያውን አዩ፣ አንድ ጠርሙስ አነሡና አዞሩ። ምንም። እንደገና ወደፊት፣ እንደገና ወደኋላ አዞሩት። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ደህና ነዎት?»

«ጀርባ የለውም» አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አሁን እንኳ ያርፋሉ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ሳቋን እየዋጠች።

«ባዶዎቹ የት አሉ?»

«ጓሮ፣ ማዳበሪያ ውስጥ።»

እትዬ ተነሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ። እናትና ልጅ ከኋላቸው ሳቁ። «በቃ፣ ቆሻሻ ሊያነቡ ሄዱ» አለች ልጅቷ።

ፀጉር ሠሪዋ ከመደርደሪያው ለዚህ ቀን ብላ ያስቀመጠችውን አወጣች። ገና በቅርቡ ነው የገዛችው። የመጣበት ትልቅ ሮዝ ጣሳ ላይ ፀጉሯ ወገቧ ድረስ የፈሰሰ ሴት ጽጌረዳ ታሸታለች፣ ከበላይዋ በትልቁ «የሐር ልስላሴ በጽጌረዳ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በሙያዋ ልማድ ቅባት የሚጀመረው ከማጅራት ነውና የልጇን ፀጉር ከፍላ ከማጅራቷ በላይ ደህና አድርጋ ቀባችው። ከጽጌረዳው ሥር ደስ የማይል ነገር ሸተታት። ጠንካራ መድኃኒት መቼም ይሸታል ብላ አለፈችው።

ወደ ፊተኛው ፀጉር ልትሻገር ስትል እትዬ ከጓሮ ገቡ። ሮዙን ጣሳ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ልጅቷ ራስ ላይ ያለው ከዚህ የተቀዳው ነው?»

«አዎ፣ ትሪትመንቱ ነው። ምን ሆኑ፣ እትዬ?»

እትዬ የወትሮውን አላሉም፤ አነበብላችሁ ብለውም አልጀመሩም። ጣሳውን አዙረው ሰጧት። ፀጉር ሠሪዋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድን ዕቃ ጀርባ አነበበች። በዝንብ እግር ፊደል፣ «ከእግርና ከብብት ያልተፈለገ ፀጉርን ለማስወገድ። ራስ ላይ ፈጽሞ አይቀቡ» ይላል።

ያቺ ወገቧ ድረስ ፀጉር የለቀቀች ሴት፣ ለፀጉር ማስወገጃ! ሐሩ የራስ ሳይሆን የባት መሆኑ ነው። ልጇን ክንዷን ይዛ ወደ ማጠቢያው ጎተተቻት። «ብዙ ውሃ» አሉ እትዬ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቧንቧውን እየከፈቱ፣ «አትሺው፣ ውሃውን ብቻ ልቀቂበት፣ ይላል።» ውሃው ሲወርድ ፀጉሩ አብሮ ወረደ። እርጥብ ጥቁር ዘለላ በፀጉር ሠሪዋ ጣቶች ላይ ተጠቅልሎ ቀረ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው? ምን ተፈጠረ?» አለች ልጅቷ፣ እንዳጎነበሰች። እናቷ ውሃውን መልቀቅ ቀጠለች። የልጇን እንጀራ በገዛ እጇ ቀብታ ያጠበችው መሰላት።

ሲደርቅ ታየ። ከማጅራቷ በላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆኗል። የቀረው ሁሉ ተርፏል። እትዬ ትንሽ ቆይተው ቢገቡ ኖሮ ግን ግንባር ድረስ ልሙጥ ይሆን ነበር። ፀጉር ሠሪዋ «ብዬሽ ነበር» እስኪሏት ጠበቀች። እትዬ ግን የልጅቷን እንባ በፎጣ እየጠረጉ፣ «ይበቅላል፣ ሥሩ አልተነካም። አሁን ከላይ ያለውን ወደ ታች አምጥተሽ በፀጉር መቆንጠጫ ያዢው» አሉ እንጂ ሌላ አልተናገሩም።

በቀጠሮው ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ ፀጉር ቤቱ ተሰብስቦ ቴሌቪዥኑን ከበበ። ልጅቷ ቀረበች። ከፊት ስትታይ ንግሥት ናት። ችግሩ፣ የአየር ሁኔታ የሚዘግብ ሰው ካርታው ያለው ከጀርባው መሆኑ ነው። ዝናቡን ለማሳየት መዞር አለ፣ ከዞረች መቆንጠጫው ይታያል፣ መቆንጠጫው ከለቀቀማ ጉዷ በአገር ፊት ነው። ልጅቷ አልዞረችም። ዓይኗን ከተመልካቹ ሳትነቅል እጇን ወደኋላ ብቻ እየላከች ደመናውን፣ ነፋሱን፣ ዝናቡን እየለየች አሳየች፤ አንዷንም አልሳተችም። ሲያልቅ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

«ወይ ፀጉር» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞራ። «ምስጢሩን ንገሪን እንጂ። ማነው የሚሠራት? ምንድን ነው የምትቀባው?»

የፀጉር ሠሪዋ ዓይን መስኮቱ ሥር ወዳለችው ወንበር ሸሸ። እዚያ የተቀመጡት ሰው ሥዕል ላይ ላለ ማር እንኳ ይቅርታ የማያውቁ ናቸው። አሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ ፀጉር ቤቱ ነገ አይከፈትም።

«የምትሠራት እናቷ ናት» አሉ እትዬ፣ ረጋ ብለው። «ሌላ ሰው አይነካትም።»

ውሸት የለበትም። እትዬ የፊቱን ብቻ ተናግረው ጀርባውን ሳያነቡ ሲያልፉ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ወዲያው ለቅዳሜ ቦታ ያዘች፣ አስተማሪዋም ተከተለች።

እንግዳው ተበትኖ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ ፀጉር ሠሪዋ ሄዳ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ አቅፋቸው አታውቅም። ምን ያህል እንደምትወዳቸው ልትነግራቸው ፈልጋ እንባዋ ቀደማት። እትዬም ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት፣ ከዚያ አንገቷን አሸተት አድርገው ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

«ይህ ሽቶሽ፣ ምን ምን አለበት?»

«አላውቅም፣ እትዬ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ቆይ፣ ካርቶኑን ላምጣው። አብረን እናነበዋለን።»