በአፈር የሚያልቅ ንብረት

መሥሪያ ቤት ሁሉ የተቋቋመበት ምክንያት አለው። አንዳንዱ ምክንያቱን ረስቶ ይኖራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምክንያቱን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ከሥሩ ይመላለሳል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጎፋ ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚገኘው መሥሪያ ቤት ከሁለተኛዎቹ ወገን ነበር። በደጃፉ ላይ «ፕላስቲክን ከከተማችን እናጠፋለን» የሚል ቃል በትልልቅ ፊደል ተዘርግቷል። ቃሉ የታተመበት ሸራ ራሱ ፕላስቲክ መሆኑን ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን ጨርቅ በዝናብ ይበላሻል፣ ቁም ነገር ደግሞ መበላሸት የለበትም።

የዚህ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ አቶ ወጋየሁ ነበሩ። ምስጉን ሰው ናቸው። በአገልግሎት ዘመናቸው ሁሉ ከመጋዘናቸው መርፌ ጎድሎ አያውቅም። ወንበር ሲሰበር እግሩን፣ ጀርባውንና መቀመጫውን ለየብቻ አስረው ያስቀምጣሉ። አንድ ጊዜ አይጥ የበላችው ዶሴ ሲገኝ፣ አይጢቱን በወጥመድ ይዘው ከተረፈው ዶሴ ጋር ለኮሚቴ አቅርበዋል ይባላል፤ ጉድለቱ በሆዷ ውስጥ ስለነበረ ሒሳቡ ሙሉ ሆኖ ተገኘ።

ጡረታቸው ደርሶ ነበር። በመጋዘኑና በዕረፍታቸው መካከል የቆመችው አንዲት ወረቀት ብቻ ናት፤ ስሟም ክሊራንስ ይባላል። ክሊራንስ ማለት አንድ ሰው ዕድሜውን ከመስጠቱ በቀር ከመሥሪያ ቤቱ ጋር አንዳች ንክኪ እንደሌለው የሚመሰከርበት የክብር ሰነድ ነው፤ ያለ እርሷ ጡረታ አይከበርም። የአቶ ወጋየሁ ምኞት ትልቅ አልነበረም። ፉሪ በሠሯት ቤት ደጃፍ ወንበር አውጥተው፣ ማንም ሳያስፈርማቸው ፀሐይ መሞቅ ይፈልጉ ነበር።

በዚህ መካከል ቤተልሄም መጣች።

ቤተልሄም የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተምራ በቅርቡ የተቀጠረች ወጣት ስትሆን፣ አንድ ጉድለት ነበረባት፤ የደጃፉን ቃል አንብባ አመነችው። ኮሮና ቢያልፍም የመንገድ ሥራው አቧራ ስላላለፈ፣ የጀሞ ተሳፋሪ ዛሬም የአፍና የአፍንጫ ጭምብል ያደርጋል፤ አድርጎም ይጥላል። የጣለው ፕላስቲክ ነውና በየቱቦው ይወተፋል፤ ክረምት ሲገባም ጎርፉን ወደ ሰው ሳሎን ይመልሳል። እርሷ ይህን አይታ ከጥጥና ከእንሰት ቃጫ አንድ ደርዘን ጭምብል ሠራች። ትንፋሽ አያፍንም፤ ታጥቦ ይደረጋል፤ ሲያረጅ አፈር ቢያለብሱት አንድ ክረምት ሳይሞላው አፈር ይሆናል። አንዳች አይተርፈውም።

አቶ ወጋየሁን ከወንበራቸው ያስነሳቸው ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው።

«ልጄ፣ አንዳች አይተርፈውም ማለት?»

«አይተርፈውም፣ ጋሽ ወጋየሁ። ውበቱም እሱ ነው።»

«በማን ስም ነው የሚጠፋው?»

ደርዘኑ መጋዘን ገብቶ ነበርና የሚጠፋው በእርሳቸው ስም ነበር። ወዲያው ኦዲተሩን ፊሊጶስን አስጠሩት። ፊሊጶስ መመሪያን በቃሉ የሚወጣ፣ መመሪያ በሌለበት ስፍራ መተንፈስ የሚቸግረው ጎልማሳ ነው። ነገሩን በጥሞና መረመረው። ንብረት ሁሉ ወይ አላቂ ነው ወይ ቋሚ። አላቂ ማለት እንደ ሳሙናና እንደ ወረቀት በአገልግሎት የሚያልቅ ነው፤ ይህ ጭምብል ግን የሚያልቀው በአፈር ነው፤ በአፈር የሚያልቅ ንብረት ደግሞ በመመሪያው አልተጠቀሰም። አላቂ ያልሆነ ሁሉ ቋሚ ነውና፣ ጭምብሎቹ ከብረት ካዝናውና ከጄኔሬተሩ ቀጥለው ቋሚ ንብረት ተብለው ተመዘገቡ።

«እሺ፣ ሲበሰብሱ በኮሚቴ ተወገዱ ብለህ አትጽፍልኝም?» አሉ አቶ ወጋየሁ።

«ለመወገድ ኮሚቴው በዓይኑ ማየት አለበት፣ ጋሼ። የሌለ ንብረት አይወገድም።»

«ሳይበሰብሱ ቢወጡስ?»

«ያኔ ፕሮጀክቱ ይወድቃል።»

«ከበሰበሱስ?»

«ያኔ እርስዎ ይወድቃሉ» አለ ፊሊጶስ፣ በአክብሮት።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ አስረስ ሙከራው በክረምቱ መግቢያ እንዲጀመር አዘዙ። በዕለቱም በጓሮ በተቆፈሩት ጉድጓዶች ፊት ቆመው፣ ዛሬ ወደ መቃብር የሚወርደው ጭምብል ሳይሆን ፕላስቲክ ራሱ መሆኑን በንግግር አበሠሩ። ጭብጨባው ሲያበቃ ለታዳሚው የታሸገ ውሃ ታደለ፤ ባዶዎቹም ጠርሙሶች ለጊዜው በመቃብሩ ዳር ተደረደሩ። ቤተልሄም በሥነ ሥርዓቱ ላይ አልነበረችም። ስለ ፕላስቲክ ቅነሳ ሥልጠና እንድትወስድ ቢሾፍቱ ተልካ ነበር። ከመሄዷ በፊት መጋዘን ጎራ ብላ፣ ተምራ ከወጣች ወዲህ በእጇ ጀምራ የጨረሰችው ነገር ይህ ብቻ እንደሆነ ነግራ፣ አፈሩ እውነቱን እንዲናገር ጭምብሎቹን ራቁታቸውን እንዲቀብሩላት አቶ ወጋየሁን ለመነቻቸው። እርሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ይሁን እምቢ በማይለይበት ስልት ራስን መነቅነቅ የረጅም አገልግሎት ፍሬ ነው።

ታዳሚው ሲበተን፣ ንብረት መቅበር የንብረት ክፍል ተግባር ነውና አቶ ወጋየሁ ብቻቸውን ቀሩ። ከኮታቸው ኪስ የተጠቀለለ ፌስታል አወጡ። አንዱን ጭምብል ከተቱ፤ አፉን ቋጠሩ፤ በሌላ ፌስታል ደግመው አሰሩት። ሁለተኛውንም እንዲሁ፤ ሦስተኛውንም። እናት ልጇን ለብርድ እንዲህ አትጠቀልልም። አሥራ አንዱን ጨርሰው የመጨረሻውን ሲያነሱ ግን የልጅቱ ፊት መጣባቸው። አቶ ወጋየሁ ከእሑድ ጸሎት የማይቀሩ፣ አሥራታቸውን የማያጓድሉ አማኝ ናቸው። ቆመው አሰቡ፤ አሰቡና አንዱን ያለ ፌስታል አፈር አለበሱት። ከአሥራ ሁለት አንዱን ለእውነት መስጠት ከአሥራትም ያነሰ ነው፤ ማንንም አይጎዳም ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

ክረምቱ ወጣ። በጓሮው ድንኳን ተተከለ፤ ከበላይ አካል አንድ የክብር እንግዳ መጡ፤ ቁፋሮውም ተጀመረ። የመጀመሪያው ፌስታል ወጥቶ ሲፈታ ጭምብሉ ከመጋዘን እንደወጣበት ዕለት ነጭ ነበር። አቶ አስረስ የፕሮጀክቱን ሰነድ ሳያነቡ የፈረሙ ስለነበሩ ቀድመው አጨበጨቡ፤ ኃላፊ ካጨበጨበ ሠራተኛ ምክንያት አይጠይቅም። እንግዳው ጭምብሉን እያገላበጡ ያን ሁሉ ዝናብ በመቻሉ ተደነቁ፤ እንዲህ ያለ ብርቱ ጭምብል በብዛት ሊመረት እንደሚገባም እዚያው ቃል ገቡ። ቤተልሄም ስለ ፌስታሉ ለማስረዳት አፏን ብትከፍት ጭብጨባው ዋጣት። ፊቷ አመድ መስሎ ወደ አቶ ወጋየሁ ብትመለከት፣ አቶ ወጋየሁ የገዛ ጫማቸውን ይመለከታሉ። አሥራ አንዱም ወጡ፤ ለአሥራ አንዱም ተጨበጨበ።

ከአሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ አፈር ብቻ ወጣ። ቤተልሄም ተንበርክካ አፈሩን በጣቶቿ ፈተገችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያም ቀስ ብላ ፈገግ አለች።

«የለም» አለች።

«የለም?» አለ ፊሊጶስ፣ ብዕሩን እየከፈተ።

«አሥራ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ላንቺ ነበር የቀበርኩት» አሏት አቶ ወጋየሁ በጆሮዋ። እርሷም ልትቆጣ አስባ ሳይሆንላት ቀረ፤ በእጇ የያዘችው አፈር የልፋቷ ዋጋ ነበርና።

ፕሮጀክቱ በአንዲት ጉድጓድ ተሳካ፤ በዚያችው ጉድጓድ አቶ ወጋየሁ ወደቁ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው የማይበገር ነበር። ጭምብሉ ሲበሰብስ ያየ ምስክር ይቅረብ አለ፤ የሚቀርብ ጠፋ። ቤተልሄም አፈሩን በማስረጃነት ብታመጣ፣ አፈሩ ራሱ የግቢው ንብረት ስለሆነ ሌላውን ንብረት ወክሎ ሊቀርብ እንደማይችል ተነገራት። አሥራ አንዱ ደኅና ወጥተው አንዱ ብቻ በሰበሰ ማለትም ጤነኛ አእምሮ የሚቀበለው እንዳልሆነ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ክሊራንሱ ታገደ። ፉሪ ያለችው ወንበር ብቻዋን ፀሐይ ሞቀች።

«ዕድሜህን ሙሉ ዕቃ ስትጠብቅ ኖርክ» አሏቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ገዲሴ፤ «አሁን ደግሞ ዕቃው አንተን ይጠብቅ ጀመር።»

በመጨረሻ ያዘነላቸው ፊሊጶስ ነው። መመሪያ ያለው ሰው ርኅራኄንም ፈልጎ የሚያገኘው ከዚያው ነው።

«በዓይነት ይተኩ፣ ጋሼ።»

«በምን ልተካ? የልጅቱ ቃጫ አልቋል። ሌላ የሚገዛው በጨረታ ነው፤ ጨረታው እስኪወጣ እኔ ራሴ አፈር እሆናለሁ።»

«ቃጫ ማን ጠየቀዎት? ማስክ በማስክ ነው። ከምን እንደተሠራ መመሪያው አይልም።»

አቶ ወጋየሁ ጎፋ ሄደው፣ ሰው አንድ ቀን አድርጎ ከሚጥላቸው ከነዚያ የፕላስቲክ ጭምብሎች አንዱን፣ ሰማያዊውን፣ ከአንድ ፋርማሲ ገዙ። ኮሚቴው ቆጠረ፤ ደርዘኑ ሞላ። ክሊራንሱ ተፈረመ፤ መጋዘኑን ቴዎ የተባለ አዲስ ሠራተኛ ተረከበ፤ አቶ ወጋየሁም ፉሪ ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ፀሐዩ በወጉ ሳይሞቃቸው ቤተልሄም ከተፍ አለች። የበላይ አካሉ በብዛት ለሚያመርተው ጭምብል አንድ ናሙና እንዲላክለት ጠይቆ ነበር። ቴዎ መጋዘን ገብቶ ከደርዘኑ መካከል እጅግ ያማረውን መረጠ፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ በአፍንጫው ላይ ቀጭን ሽቦ ያለው፣ ሰማያዊ። አቶ አስረስ ተቀብለው አገላብጠው አዩና የአገር ልጅ እጅ እዚህ ደረጃ መድረሱን በታላቅ ስሜት ገለጹ። ቤተልሄም ይህ የእኔ ሥራ አይደለም ብትል፣ ትሕትናዋ ለሌሎች አርአያ እንደሚሆን ተመስክሮላት፣ በፕላስቲክ የታሸገ የምስክር ወረቀት ተሸለመች።

«መጥተው ይመስክሩልኝ፣ ጋሽ ወጋየሁ። ከፋርማሲ የገዙት መሆኑን ይንገሯቸው።»

አቶ ወጋየሁ ሒሳቡን አሰሉ። ቢመሰክሩ ፋይሉ እንደገና ይከፈታል፤ ፋይሉ ከተከፈተ ጡረታው ይዘጋል። ለአንዲት እውነት ከፍለው ያዩት ሰው ናቸው። ቀና ብለው ወደ ወይዘሮ ገዲሴ ተመለከቱ። ወይዘሮ ገዲሴ ገብተው ኮታቸውን አመጡላቸው።

ኮሚቴው ናሙናውን ለመላክ ተሰብስቦ ነበር። አቶ ወጋየሁ ክሊራንሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ይህ ማስክ የእሷ አይደለም። እኔ ከጎፋ የገዛሁት ፕላስቲክ ነው። ወረቀቴን ውሰዱና የልጅቱን ሥራ መልሱላት።»

አቶ አስረስ ወረቀቷን አንሥተው ከዳር እስከ ዳር አነበቡ። ምናልባትም በአገልግሎት ዘመናቸው አንብበው የጨረሱት የመጀመሪያው ሰነድ ነው። በሁለት እጃቸው መለሱላቸው።

«አቶ ወጋየሁ፣ ከመሥሪያ ቤታችን ንብረት ጋር አንዳች ንክኪ እንደሌለዎት እዚህ ላይ ተረጋግጧል። ንክኪ የሌለው ሰው ስለ ንብረታችን እንዴት አድርጎ ይመሰክራል?»

ፊሊጶስ መመሪያውን ገለጠ። ክሊራንስ ስለ መስጠት እንጂ ስለ መመለስ የተጻፈ አልነበረም። አቶ ወጋየሁ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስረክቡት የፈለጉትን ነገር የሚረከባቸው አጡ።

«እንግዲያው ይቀበር» አለች ቤተልሄም። «ያለ ፌስታል። አፈሩ ይፍረድ።»

ኮሚቴው ተወያየበት። ሳይንስን የሚፈራ ከመካከላቸው አልነበረም፤ ሰማያዊው ጭምብል በመጪው ክረምት ያለ ፌስታል እንዲቀበር በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ለቀብሩ ንብረቱን በስሙ ፈርሞ የሚያወጣው ቴዎ ግን የአቶ ወጋየሁን እንግልት ሰምቶ ነበርና ብዕሩን ጨብጦ ደረቀ። ፊሊጶስ ይህን አይቶ በወንድማዊ ፍቅር ትከሻውን ቸብ አደረገው።

«ፈርም» አለው። «ይሄኛው አይጠፋም።»