የወታደሩ ታናሽ ወንድም

ዕቃም እንደ ሰው ዘር አለው፣ እናንተ። ጎራዴ ተቀጥቅጦ ማጭድ ሲሆን አይቻለሁ። የወታደር ካፖርት ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ተሸጦ የስንቱን ቄስ ጀርባ ከብርድ ታድጓል፤ ለየትኛው ጦርነት እንደተሰፋ ቄሱም አይጠይቁ፣ ብርዱም አይጠይቅ። ሄሊኮፕተር የሚሉትንም ጉድ በዚሁ ዓይን ነው የማየው።

ከአንኮበር በላይ ነው የምንኖረው። አንድ ታኅሣሥ ገብሳችንን አበራይተን፣ ፍሬው ከነገለባው አውድማ ላይ ተከምሮ ነፋስ ጠፋ። አንኮበር ነፋስ ጠፋ ማለት ባሕር ደረቀ ማለት ነው። ባለቤቴ ተክሌ ሦስት ቀን በመንሽ ወደ ሰማይ ሲበትን፣ ገለባው ተመልሶ እናቱ ላይ። በአራተኛው ቀን ከቆላው ጥቁር ደመና ይወጣ ጀመር። ዝናብ ከነካው የዓመት ቀለባችን እዚያው አውድማው ላይ ሊበቅል ነው።

ደመናው አስቀድሞ ያመጣብን ግን ዝናብ ሳይሆን ሄሊኮፕተር ነው። አገር የሚለኩ ሰዎች ገደሉ በደመና ቢዘጋባቸው፣ ሜዳ ፍለጋ ዞረው ዞረው ከአውድማችን አጠገብ የታጨደው ማሳ ላይ አረፉ። አንድ ፈረንጅ አብራሪና አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ አስተርጓሚው፣ ወረዱ።

«ጫማ አውልቁ፤ አውድማ ነው» አላቸው ተክሌ፣ ከሰላምታው በፊት። ፈረንጁ አወለቀ። ካልሲው ተቀዶ ኖሮ አፈረ።

ደመናው እስኪገለጥ አስተርጓሚው የሄሊኮፕተሩን ትውልድ ቆጠረልን። ፋብሪካው መጀመሪያ የሠራው ከሁለት ሰው በላይ አያነሳም አሉ። ከዚያ ጦር ሠራዊት ወደደውና ሞተሩን አሳደጉለት፤ ቁስለኛ በጎንና ጎኑ ታስሮ ወጣ፣ ቆይቶም መሣሪያ ተሸከመ። ኋላ መሣሪያውን አውልቀው፣ ቀለሙን ቀይረው ሲቪል አደረጉት።

«የወታደር ታናሽ ወንድም ነዋ» አለ ተክሌ። «ወታደር ቤቴ ያደረ ለት ጓዳዬን ጠርጎ ነው የሄደ። ይኼ ደሞ ምን ይበላል?»

«ቤንዚን።»

«ተመስገን።»

እኔ ግን ሲያርፍ ከክምሩ ዳር ገለባ ሲጠርግ አይቼዋለሁ። «ልጄ፣ ያን ክንፉን ቀስ አርጎ ያዙርልን በለው» አልኩት አስተርጓሚውን።

«አብደሻል እንዴ» አለ ተክሌ፣ «ወታደር እህሌን አይነካም።»

«ሲቪሉን ነው የለመንኩት።»

በመጀመሪያው ዙር አንድ ቁና የሚያህል ገብስና የተክሌ ባርኔጣ ገደል ገቡ። ከዚያ ፈረንጁ ረገብ አደረገው። ተክሌና የመንደሩ ወንዶች በመንሽ ይበትናሉ፣ ገለባው ወደ ቆላ ይሄዳል፣ ፍሬው እግራችን ሥር ይወርዳል። የመጨረሻው አቁማዳ ቤት ሲገባ ዝናቡ ጠብ አለ።

ፈረንጁ ቅንድቡ ገለባ ለብሶ መዝገብ አወጣ። ሞተር በተነሳ ቁጥር ለምን ሥራ እንደሆነ መጻፍ አለበት አሉን። አስተርጓሚው ጠየቀን፤ «የወታደር ነው የሲቪል?»

«ወንፈል በለው» አለ ተክሌ።

ዛሬ እሱ ለእኛ፣ ነገ እኛ ለእሱ እየተባለ ተተረጎመለት። ፈረንጁ ሳቀና የተክሌን እጅ ጨበጠ። እኛ አገር ደግሞ ወንፈል ላይ እጅ ከተጨባበጡ አይቀለድበትም።

ይኸው ያ የሄሊኮፕተር ድምፅ ከገደሉ ማዶ በተሰማ ቁጥር ተክሌ ብድግ ይልና መንሹን ያነሳል፤ ተራው የእኛ ነው ይላል። ይሁን፣ እንሄዳለን። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ሊጠራን የሚመጣው ታላቅየው ቢሆንስ ነው።