አያ ሙጬና ፍሬን የለሿ ላንድሮቨር

ላንድሮቨር ገፍታችሁ ታውቃላችሁ? ካልገፋችሁ በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ፖሊስ አልነበራችሁም። የእኛዋ ካልገፏት አትነሣም፤ ከተነሣች ደግሞ አትቆምም። ፍሬንስ ነበራት፤ ግን እንደ ባለሥልጣን ነው፣ ብዙ ተለምኖ ነው የሚሰማ።

ታዲያ አንድ ጊዜ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ሰፊው ሕዝብ የፖሊስን ሥራ በዓይኑ ይይ፣ ከየቀበሌው ሰው እየተመረጠ በቅኝት መኪናችን ይሳፈር ተባለ። ኃላፊው እኔ አምሳ አለቃው። «ተሳፋሪው ጥፍሩ ቢነቀል አንተን፣ አጉል ነገር ቢናገርም አንተን!» አሉኝ አዛዡ። ባልደረቦቼ ሲያጉረመርሙ እኔ በሆዴ ሣቅሁ። መኪና የሚገፋ ተገኘ እኮ!

ምን ያደርጋል! ከሰባታሚት ቀበሌ የመጡልኝ አያ ሙጬ ሆኑ። ሽማግሌ ናቸው። ዱላቸውን ይዘው ከፊት ወንበር ጉብ አሉ። ያ ወንበር የካድሬው የጓድ ታደገ ነበር። ጓድ ታደገ ማለት «እግዜር ይስጥልኝ» ያለውን ሁሉ «አብዮቱ ነው የሰጠህ!» እያለ የሚያርም ሰው ነው። ካልታረመ ያስራል።

አያ ሙጬ ደግሞ ሰው ሳይሳለሙ አያልፉም። በየአሥር እርምጃው «ቁም!» ነው። ይወርዳሉ፣ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ አማቱን ይጠይቃሉ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ጓድ ታደገ ከኋላ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔ ላብ በላብ።

«አያ፣ ይኼ እኮ ቅኝት ነው» ብላቸው፣

«ሰላም ሳትሉ እያለፋችሁ ሌባውን ከጨዋው በምን ትለዩታላችሁ?» አሉኝ።

«እሺ፣ ስሙን እንኳ ቀስ አድርገው ይጥሩ።»

«የማንን?»

«የ... የእሱን።»

«እሱ መች ተቆጣኝ?»

ፋሲሎ ሰፈር ስንደርስ የመኪናዋ ሞተር ጠፋ። እኔና ጓድ ታደገ ወርደን እየገፋን ሳለ፣ አንድ ጎረምሳ በብስክሌት ሽው ብሎ አለፈን። ከኋላው የፋብሪካ ሠራተኛ «ብስክሌቴን! ብስክሌቴን!» እያለ ይሮጣል። ጓድ ታደገ መኪናዋን ትቶ ተከተለ። «በአብዮቱ ስም፣ ቁም!» ሲል ሌባው ባሰበት። እኔም ፊሽካ ነፋሁ፤ የሰማኝ የጣና ጉማሬ ብቻ ነው። ላንድሮቨሯም በገፋናት ተነሥታ ሾፌሩንና አያ ሙጬን ይዛ ወደ ሰው መንጎድ ጀመረች።

አያ ሙጬ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

«በሕግ አምላክ!»

በእኛ አገር ይህን ሰምቶ የሚራመድ ከሰው አይቆጠር። ሌባው ቀጥ። ባለብስክሌቱም ቀጥ፤ ንብረቱን ሄዶ መቀበል አቃተው። እንስራ ያዘለች ሴት፣ የምትነዳው አህያም ጭምር ቀጥ። ከዋርካው ይወርድ የነበረ ቅጠል አየር ላይ ቆመ ብላችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ። ያ ልመና የማይሰማ ፍሬን እንኳ ሲጥ ብሎ ያዘ!

ሌባውን ይዘን ስንመለስ ጓድ ታደገ ደም መስሏል። «በመንግሥት መኪና አምላክ ብሎ የጮኸ ይታሰራል! ያሳፈረውም!» አለ። የከተማው ሰው ከቦናል።

አያ ሙጬ ዱላቸውን ተደግፈው፣ «ልጄ፣ ሌባው ለምን ቆመ?» አሉት።

«ፈርቶ ነዋ!»

«አንተሳ? አንድ እግርህን አንሥተህ እንደ ሽመላ ቆመህ አይቼሃለሁ።»

«የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ነው» አለ።

ሁላችንም ወደ እግሩ አየን። የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነው። ማሰሪያ ከየት ይመጣል?

ሰዉ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። የእኛም እስር በዚያው ቀረ። አያ ሙጬ ሰባታሚት እስኪደርሱ ያገኙትን ሰው ሁሉ ተሳለሙ።

አብዮቱ ሰውን ይለውጣል ሲባል አላምንም ነበር። በኋላ አመንሁ። ላንድሮቨሯ ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል ስትንደረደር ፍሬኗ እምቢ ካለ፣ ከሾፌሩ ቀድሞ «በሕግ አምላክ!» እያለ የሚያንሾካሹክላት ጓድ ታደገ ሆነ።